የቀኝ እጅጌ

ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት የሆናቸው ልብስ ቆራጭ መድኃኒት ገዝተው ሲመለሱ፣ የእህታቸውን ልጅ በሥራ ሰዓት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኟት። እሳቸው አርባ ዓመት በሠሩበት ስፌት ቤት ከተቀጠረች ገና ዓመቷ ነው። መቀሷንና ሜትሯን በፌስታል ይዛለች።

«ምነው የኔ ልጅ፣ በደህና ነው?»

«በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ካልጠየቅሽ አትመለሺ አለኝ እርስዎን የተካው አለቃ፣ ጋሼ። የኮቱን ሁለት እጅጌ እኩል አድርጌ ቆረጥኩ።»

ሽማግሌው ወዲያው ገባቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የካርቶን ንድፍ ቀኝ እጅጌው በሁለት ጣት ያጥራል። ኮት ሁሉ የሚቆረጠው በእሱ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

«ታዲያ ይቅርታ ብትጠይቂ ምን አለበት? እኛኮ አንድ ልብ ሆነን ነው የኖርነው። አንዱ ሲያንጎራጉር ሌላው እየተቀበለ፣ የካውያው እንፋሎት መስኮቱን እየሸፈነ… ተኮራርፈን አናውቅም።» ያን ጊዜ ሲያነሡ ሆድ ይብሳቸዋል።

«ፍቅራችሁን መች ጠላሁት? ግን ‘ይሄ ልክ አይደለም’ መባባል ካልተቻለ መዋደዱ ምን ይሠራል?»

«ሃያ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ሆንሽ?»

ሜትሯን አወጣች። «እስኪ እጅዎን ይዘርጉ፤ ይሄ የለበሱት ኮትም በዚያው ንድፍ የተቆረጠ ነው። ግራ እጅጌው ስልሳ ሁለት፣ ቀኙ ሃምሳ ስምንት።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ቀኝ እጅጌያቸውን ወደ ታች ጎተት አደረጉ።

«ይኸው! ዕድሜ ልክዎን ሲጎትቱ!» ሳቋ አመለጣት።

እሳቸው ግን አልሳቁም። «ንድፉ የወጣው አንድ እጁ ተሰብሮ ላጠረ ደንበኛ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰውየው ሞተ፣ ካርቶኑ ቀረ። አዲስ ስለነበርኩ ሌላው ዝም ሲል ዝም አልኩ። አለቃ ስሆን ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ምን አፍህን ያዘህ እንዳልባል አፈርኩ።»

«እና እኔ ለእርስዎ ዝምታ ይቅርታ ልጠይቅ?»

ሽማግሌው ፌስታሏን ተቀበሏት። «ተነሽ፣ እንሂድ» አሉ።

ስፌት ቤቱ ሲገቡ መኪኖቹ ጸጥ አሉ። ሽማግሌው የድሮ ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ነገሩን ሳይደብቁ ተናገሩ። «ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። መከባበራችሁ አይቅር፤ ግን ያየ ይናገር። ያኔ ስህተት በቀኑ ይታረማል፣ ደንበኛም እጅጌ ሲጎትት አይኖርም፣ አዲስ የገባም እንደኔ ታፍኖ አያረጅም።»

«እኔም አይቼ ነበር» አለች ልብስ በካውያ የምትተኩሰዋ። «እኔም»፣ «እኔም» ተባለ ከየመኪናው። ልማዳቸው ነውና አሁንም አንድ ላይ ሆኑ። አለቃው ካርቶኑን ራሱ አወረደና ልጅቷን ወደ ቦታዋ መለሳት።

ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ሰጧት። የቀኙን እጅጌ ጠርዝ ስትፈታ፣ አራት ሳንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ ውስጡ ታጥፎ አገኘች።

«አንድ ቀን የሚናገር ይመጣል ብዬ የተውኩት ነው» አሏት።