ቆላ አይታደርም

እኔና ሰላም ለጫጉላችን ቆጵሮስ ደሴት ልንሄድ ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ ቤታችን ቁጭ ብለን በስልክ ሆቴል እንመርጣለን። እሷ ካልጋዋ ሳትነሳ ባሕር ማየት ነው ምኞቷ። ይሄኔ እንጦጦ ላይ ገብስ የሚያርሱት አባቷ ሊጠይቁን መጥተው ጣልቃ ገቡ።

"ማደሪያው ደጋ ነው ቆላ?"

"ባሕሩ ዳር ነው አባባ፣ ቆላ ነው" አልኳቸው።

"ቆላ ይዋልበታል እንጂ አይታደርበትም! ልጄን ለወባ ልትሰጥ ነው?"

እዚያ ወባ የለም ብዬ ብምል ማን ሰምቶኝ! አማቼን ማስቀየም ፈርቼ ደሴቱ መሃል ካለው ተራራ አናት ላይ ያለውን ሆቴል ያዝኩ። ሰላም አኮረፈችኝ።

በደረስን ምሽት መስኮቱን ብትከፍት ጥድና ጉም ብቻ፤ ባሕር የለ፣ ምን የለ። እየተንቀጠቀጠች ደወለችላቸው፤ "አባባ፣ በብርድ ልናልቅ ነው!"

"ተመስገን!" አሉ። "በሉ ከሻንጣው ልብስ ሥር ጋቢ ሸጉጬላችኋለሁ።"