በካርታው ላይ የማትታየው መንገድ

የሰው ወሬ አላዳምጥም እላለሁ እንጂ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮ አይዘጋም። ከአማን ወደ ሚዛን ስንሄድ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ ትልቅ ካርታ የያዘ ወጣት አጠገብ ተቀምጠው ይጠይቁታል።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ከሳተላይት በተነሳ ፎቶ የተሠራ ካርታ ነው አባባ። መሬቱ ወደፊት ለምን እንደሚውል የምናቅደው በዚህ ነው።»

«የእኔ ቤት የታለ?»

«ከወንዙ በላይ ካሉኝ እዚህ ጋ ነው። ግን የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው።»

«የቡናዬ ጥላ ነው። ከደጄ ወደ አስፋልቱ የምታወጣውስ ቀጭን መንገድ?»

«አትታይም። ሣር ውጧታል መሰለኝ።»

«ልጆቼ ነበሩ የሚመላለሱባት። ሁሉም በየከተማው ገቡ።»

«እርስዎስ አይሄዱባትም?»

«እሄዳለሁ። ግን የአንድ ሰው እግር መንገድ አያወጣም።»

ወጣቱ ካርታውን ማጠፍ ጀመረ።

«የወደፊቱ ካርታ ገና አልተሳለም ማለት ነው?»

«ገና ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የሚሆነውን ነው የምንስለው።»

«እንግዲያው እዚያኛው ላይ ሳልልኝ። ሰፋ አድርጋት፤ ከነልጆቻቸው ነው የሚመጡት።»

ወራጅ አለ ማለት የነበረብኝ ቦታ አልፎኝ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄድኩ።