የተኩላ እግር በስንዴ ውስጥ

ሽማግሌው ቪዶዬ ስንዴያቸውን በጋሪ ጭነው ወደ ወፍጮ ሲወርዱ፣ ሊያገኟት የማይፈልጓት ልጅ የኮሉባራ ወንዝ ድልድይ ላይ አገኘቻቸው። ነቬና ናት፤ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የኩላሊት ሕሙማንን ደም በማሽን የምታጥብ ነርስ፣ የልጅ ልጃቸው የኦግኜን ወዳጅ። እሳቸው ደግሞ ባለፈው እሑድ ኦግኜንን፣ «ይህ በሽታ በእኛ ቤት እንዲያበቃ፣ ሚስት አታግባ» ብለው አስምለውታል።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ።»

«ያምልጠኝ። ኦግኜንን ለምን አስማሉብኝ?»

ቪዶዬ ፈረሱን አቆሙ።

«ጠልቼሽ አይደለም፣ ልጄ። አባቴን ኩላሊት ገደለው። ወንድሜን ገደለው። ሚስቴን ደሳንካን ወሰዳት። ቤቱ የተረገመ ነው ሲሉኝ አፍርሼ ከመንገዱ ማዶ ሠራሁ፤ እዚያም ተከትሎን መጣ። ደማችን ውስጥ ነው። ይህን ለልጆችሽ ላውርስ?»

«እሜቴ ደሳንካን ከየት ነበር ያገቧቸው?»

«ከተራራው። ምን አገናኘው?»

«የእርስዎ ደም ነበረባቸው እንዴ? ተራራ ላይ የተዳሩት እህትዎስ?»

«ሚሊያ? ሰማንያ አልፏት እንደ ፍየል ትዘላለች!»

«እንግዲህ ደምዎ የሆኑት በሌላ ማዕድ ዳኑ፤ ባዳዋ በእርስዎ ማዕድ ሞቱ። በሽታው የሚሄደው በደም ነው ወይስ በዳቦ?»

ነቬና ከጆንያው ስንዴ ዘግና አንዲት ጠፍጣፋ ቡናማ ፍሬ ለየች።

«ይቺን ያውቋታል?»

«የተኩላ እግር ናት! ማን አያውቃትም? አባቴም ስንዴውን ከዚህ አረም ጋር ነበር የሚያስፈጨው። እኔ እንደ ጎረቤቶቼ ማሳዬ ላይ የአረም መርዝ አልረጭም» አሉ ኮራ ብለው።

«መርዙስ ይኸው እጄ ላይ ነው። ኩላሊት ወንፊት ነው፣ አባባ። ልብ የሚገፋው ደም ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ ያልፍበታል፤ ቆሻሻው በሽንት ይወጣል፣ ደህናው ይመለሳል። ደም እንዲመረትም መልእክት የሚልከው እሱ ነው። በላዩ እንደ ቆብ የተደፋች እጢ አለች፤ ጨው እንዳይባክን፣ የደም ግፊት እንዳይወድቅ ታዝዘዋለች። የዚች ፍሬ መርዝ ግን ወንፊቱን ለዓመታት ቀስ እያለ ያደርቀዋል። ያኔ እጢዋ ብትጮህም ሰሚ የላትም፤ ጨውም ውሃም ያመልጣል። ሕመም የለው፣ እብጠት የለው። ሰው የሚነቃው መዳፉ ሲገረጣ ነው።»

ቪዶዬ መዳፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ነቬና ግን መገርጣቱን አይታለች።

«ታዲያ ቤት ስቀይር ለምን ተከተለን?»

«ሲወጡ ምን ይዘው ወጡ?»

«ምን እይዛለሁ? ሥዕለ ማርያሟን፣ አልጋውን…» ወደ ጆንያው ዞሩ። «የዘር ስንዴዬን።»

ጋሪው ላይ ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ደሳንካዬን በገዛ እጄ አበላኋት?»

«አላወቁም። አባትዎም አላወቁም። አሁን ግን አወቁ።»

ሳያውቁ በስሕተት፣ አውቀው በድፍረት ኃጢአት ይሠራል ይባላል። ቪዶዬ ግትር ቢሆኑም ደፋር ኃጢአተኛ አልነበሩም። እንባቸውን በኮፍያቸው ጠረጉና፣

«ይህንስ ምን ላድርገው? ለፈረሱ ልስጠው?» አሉ።

«ፈረሱስ ኩላሊት የለውም?»

ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ጋሪውን ወደ ቤት አዞሩና ስንዴውን ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ለገበሬ እህል መቅበር ልጅን እንደ መቅበር ነው፤ እሳቸውም ከልባቸው አዘኑ። በማግሥቱ ነቬና ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ቢደክምም ገና እንደሚሠራ፣ ክትትል ካልተቋረጠም ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ሊያርቁት እንደሚችሉ ነገራቸው። በጸደይም ከኦግኜን ጋር ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለው የተኩላ እግርን ከነሥሩ ነቀሉ፤ መርዝ አልረጩም፣ በዚያስ ቃላቸውን አላጠፉም።

መከሩ ሲደርስ ለኦግኜንና ለነቬና ሠርግ ዳቦ የሚሆነውን ስንዴ ራሳቸው ደጃፋቸው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው ለቀሙ። መንገደኛውን ሁሉ እየጠሩ ፍሬዋን ያሳዩ ነበር፤ አንዳንዱ ሳቀባቸው፣ አብዛኛው ግን ቤቱ ገብቶ የገዛ ጆንያውን ፈታ። አንዲት ጎረቤት ልትነካካቸው ፈልጋ፣

«የኦግኜን መሐላስ ፈረሰ?» አለቻቸው።

ቪዶዬ ከአንሶላው ቀና ሳይሉ፣ «ለምን ይፈርሳል? የማለው በሽታው በእኛ ቤት እንዲያበቃ ነው» አሉና አንዲት ቡናማ ፍሬ አንስተው አጠገባቸው ከሚነድደው እሳት ውስጥ ጣሉ።