የተዋስነው ድግስ

በእኛ ጊዜ ሰው «ርቦኛል» አይልም ነበር። «ምሳ በላህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ በቃ። በላሁም አላለ፣ አልበላሁምም አላለ። እናንተ ልጆች አሁን ትስቃላችሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም።

ያኔ ጃንሆይ ነበሩ። አገራችን ጮቄ ተራራ ላይ ነው፣ ከደብረ ማርቆስ በእግር ሲሄዱት የሚያስመሽ። ብርድ ነው፤ ከገብስና ከድንች ሌላ አያበቅልም። ታዲያ አንድ ዓመት ገብሱ ሊደርስ ሲል በረዶ ወረደና አነጠፈው፣ ድንቹንም አበሰበሰው፣ እና የቀረችንን ዘር በላናት። ዘር በላን ስላችሁ ገባችሁ? ዘር የበላ ገበሬ... ተዉት። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። አባቴ ሞቷል፣ ታላቅ ወንድሜ ለቀን ሥራ ሁመራ ወርዶ በወባ እዚያው ቀርቷል፣ እኔና እናቴ ብቻ ነን። የሚዘራ ካላገኘሁ እኔም ተከትዬው ሁመራ መውረዴ ነው። እናቴ ይህን እያሰበች ከሰው ጋር መነጋገር ትታ ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ አያ ጥሩነህ ሰበሰበን። ጭቃ ሹማችን ነው፣ የአገሩ አለቃ ማለት ነው። «ከደብረ ማርቆስ ከእርዳታ ማኅበር ሰው ሊመጣ ነው፤ ችግራችንን አይቶ የዘር ገብስ ሊሰጠን ነው» አለ። ደስ አለን። ታዲያ ቀጠለና «እንግዲህ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ምን እናብላው?» አይል መሰላችሁ!

እናቴ ያን ቀን አፏን ፈታች። «አያ ጥሩነህ፣ ባዶውን ሞሰብ ይየው እንጂ! ለዚሁ አይደል የሚመጣው?»

«ምን? እንግዳ እኔ ቤት ገብቶ ባዶ ሞሰብ ይይ? ከገደል ወርውሩኝ!»

«እኛን አብረህ ልትወረውረን ነው እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ዘር ይመጣል ይሄዳል፤ ስም ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።»

ሽማግሌዎቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

ከእኛ ቁልቁል ያለው ደብር ደግሞ ጤፍ ያበቅላል፣ በረዶውም አልነካው። የአያ ጥሩነህ እህት እዚያ ነው የተዳረችው። ባሏ አያ ደምሴ ቁጡ ነው፣ ግን እጁ አይታጠፍም። ወረድንና ዶሮ ተዋስን፣ እንጀራ ተዋስን፣ ጠላውን በእንስራ ተሸክመን ወጣን። ያም አልበቃ፤ «በዚህ ቡትቶ ነው እንግዳ የምንቀበል?» ተባለና ጋቢ ተዋስን፣ ሱሪ ተዋስን። አያ ጥሩነህ የአማቹን ጥቁር በርኖስ ደረበ። እኔ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሱሪ ውስጥ ገባሁ፤ ወገቡ ለሁለት ሰው ይበቃል።

እንግዳው በበቅሎ መጣ። አቶ ወርቅነህ ይባላል፣ ባለ ኮፍያ፣ ባለ መነጽር። ደግ ሰው ነው። ገና አረፍ ከማለቱ ጠየቀ።

«በረዶ መታችሁ ሲባል ሰማን። እንደምን ከረማችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ አያ ጥሩነህ።

«እህሉስ እንዴት ነው?»

«ኧረ ይብሉልን ጌታዬ! ይብሉልን እንጂ!»

«የሚዘራ አላችሁ ወይ?»

«በሞቴ ይቺን የዶሮ ፈረሰኛ ይብሉልኝ!»

እና በላ። እኛ ግድግዳ ተደግፈን እናያለን። «እናንተስ?» ሲለን «እኛ አሁን ነው የበላነው» እንላለን ባንድ አፍ። ታዲያ ደግ ነው አልኳችሁ፣ እኔን ጠራኝና አጎረሰኝ። ማኘክ ብሎ ነገር የለም፣ ወረደ። «አንድ ያጣላል» ብሎ ደገመኝ። ያም ወረደ። ሦስተኛ ይመጣል ብዬ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ አያ ጥሩነህ በክርኑ ጎኔን አለኝ።

በልቶ ሲያበቃ እጁን ታጠበና መረቀን። «እንግዲህ እናንተን እግዚአብሔር አትርፏችኋል፤ ደስ ብሎኛል። ያለን ዘር ጥቂት ስለሆነ ለባሰበት አገር እንሰጠዋለን» አለ።

 አያ ጥሩነህ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ «እ... እሺ ጌታዬ፣ በሰላም ያግባዎ» አለ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። እናቴ ናት።

እንግዳ ደግሞ ከደጅ አይሰናበትም፣ ይሸኛል። እና ዘራችን ሲሄድብን እያየን፣ እስከ ተራራው አፋፍ ሸኘነው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ከታች ሰዎች ዳገቱን እየሮጡ ይወጣሉ። ፊት ፊት አያ ደምሴ ነው።

«ጥሩነህ! በርኖሴን!»

«ምነው ደምሴ፣ እንግዳ...»

«አጎቴ አርፈዋል! ቀብሩ ዛሬ ነው! ራቁቴን ልቅበራቸው? አውልቅ!»

ከኋላው ሌላው «ጋቢዬን!» ይላል፣ ሌላው «ሱሪዬስ የታለ?» ይላል። የኔ እንኳ ለማውለቅ አላስቸገረኝም፣ ለቀቅ ሳደርገው ወረደ። ከሥሩ ከጨርቅነቷ ቀዳዳነቷ የበዛ ቁምጣ ነበረች። ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ ባንድ አፍታ ቡትቶ ሆነ፣ አጥንታችን ይቆጠራል፣ ነፋሱ ደግሞ የጮቄ ነፋስ ነው።

አቶ ወርቅነህ በቅሎው ላይ ደርቆ ቀረ። «አያ ጥሩነህ፣ ምንድን ነው ነገሩ?»

«ሞ... ሞቆን ነው ጌታዬ» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ዶሮውስ?»

አያ ደምሴ በርኖሱን እየደረበ፣ «የኔ ናት! እንጀራውም የኔ፣ ጠላውም የኔ! እነዚህ ምን አላቸው? የዱር ጎመን ነው የከረሙበት!» ብሎ ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ቀብሩ ወረደ።

አቶ ወርቅነህ ከበቅሎው ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ቀስ ብሎ፣ «የሚዘራ አላችሁ ወይ?» አለ እንደገና።

አያ ጥሩነህ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

«የለንም» አልኩ። «ዘሩን በልተነዋል።»

«አዋረድከን!» አለ አያ ጥሩነህ።

«አላዋረደዎትም» አለ አቶ ወርቅነህ። «የተራበ ሰው ቤት ገብቼ ዶሮ ጨርሼ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

ዘሩ ግንቦት ሳያልቅ በአህያ መጣ። ታዲያ በዚያ ያለቀ መሰላችሁ? አያ ጥሩነህ ጆንያዎቹን አየ፣ ባለአህዮቹን አየ፣ «እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተው ጉሮሯቸው ደርቆ ሊመለሱ ነው? ከዚሁ ትንሽ ቆንጠር አድርገን ጠላ...» ሲል እናቴ አላስጨረሰችውም። ሄዳ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ እንጂ!»

«አልነሳም!»

«ነውር ነው!»

«ነውሩ ይብቀልልኝ!»

ተዘራ፣ በቀለ። እኔም ሁመራ አልወረድኩም።

«ጭቃ ሹሙስ አባባ?»

አያ ጥሩነህማ ምን ይሆናል! ገብሱ እንደተወቃ ጠላ ጠመቀና መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «ኑ ግቡ፣ ኑ ግቡ» ይል ጀመር። እናቴ በዚያ ስታልፍ፣ «ያንተ ነው ወይስ የደምሴ?» አለችው።

«ቅመሺና ፍረጂ!»

ቀመሰች። «ያንተ ነው» አለች፣ «ቀጥኗል።»