ፍንጭቴን መልሱልኝ

እኛ ልጆች ሳለን፣ እዚያ ጎንደር፣ አንዲት ሴት ፍንጭት ከሆነች ስለ ቁንጅናዋ ሌላ ነገር አይጠየቅም ነበር። ፍንጭት ምን መሰላችሁ፣ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ሲራራቁ በመሀላቸው የሚቀረው ክፍተት ነው፤ እናንተ እዚህ አሽዶድ የተወለዳችሁት ስለማታውቁት ነው የምነግራችሁ። እዚህ እንደ ጉድለት ይታያል፣ እዚያ ግን ጌጥ ነው፣ ሰው ያልሠራው፣ እግዚአብሔር የሰጠው ጌጥ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፍንጭት ነበረች። ስትስቅ ገበያተኛው ዞር ብሎ ያያታል። ከእህቶቼ ሁሉ የእሷን የወረስኩ እኔ ብቻ ነኝ፣ እና ስሜን ትታ "ፍንጭቷ" ነበር የምትለኝ፤ "ፍንጭቷ፣ ውሃ አምጪ"፣ "ፍንጭቷ፣ ነይ ወዲህ"። ደግሞ ስናገር "ሰ" ያለበት ቃል ሲመጣ በክፍተቷ ነፋስ ሾልኮ ትንሽ ያፏጫል፤ እሱንም ትወደው ነበር፤ "እስቲ ሰንበት በይ" ትለኛለች፣ "ሰንበት" እላለሁ፣ ትስቃለች፣ "ድገሚው" ትለኛለች፣ እደግመዋለሁ።

ታዲያ እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን ወደዚህ ስንመጣ እሷ ቀረች። የእናንተ ወረቀት አልቋል፣ የእሷ ገና ነው፣ ተከትላ ትመጣለች አሉን፣ እኛም አመንን። ያ "ተከትላ" ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት፣ ልጆቼ፣ አፍ ሲናገረው አጭር ነው። ፎቶዋ እንኳ የለኝም። ያኔ ስልክ ፎቶ አያነሳም፣ በካርድ መደወል ብቻ ነው ያለው። ሐሙስ ሐሙስ እሷ ጎንደር ስልክ ቤት ሄዳ ተሰልፋ ትጠብቃለች፣ እኔ እዚህ ሮቫ ቤት ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን እደውላለሁ፣ "መቼ ነው?" ትለኛለች፣ "ቀርቧል፣ እምዬ" እላታለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ሳምንት እስኪደርስ ድምጿን እንደ ስንቅ ቆጥቤ እይዘዋለሁ።

ስለ ጥርስ ልነግራችሁ ነበር። ጥርሴን የማልጠብቅ ሰው እንዳልመስላችሁ። እኛ በወይራ መፋቂያ ነው ያደግነው፣ ጠዋት ሳይፋቁ ከሰው ፊት መቆም ነውር ነበር። እዚህ ስንመጣም የሕፃናቱ መዋያ በር ላይ ወይራ ቆማ አየሁና ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ፣ እና ቅርንጫፏን ቆረጥ አድርጌ እፍቅ ነበር። ሚካል ልጄ፣ ስንመጣ ገና ትንሽ ነበረች፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ግን በእኔ ታፍር ጀመር። "እማ፣ ሰው ያይሻል፤ ዛፉ የዒሪያ ነው" ትለኛለች፣ የማዘጋጃ ቤቱ ነው ማለቷ ነው። "ዒሪያው ጥርስ የለው፣ ምን ያደርግለታል?" እላታለሁ።

እና ክሊኒኩ ውስጥ ጥርስ የምታጸዳ ሴት አለች፣ ሺናኒት ይሏታል፤ አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዤ ስሄድ መፋቂያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና፣ "ጥሩ ነው፣ ግን በጥርስና በጥርስ መሀል አይገባም፤ በብሩሽ ታጸጃለሽ፣ ከዚያ ይህን ክር በየመሀሉ ታሳልፊያለሽ፣ በየስድስት ወሩ ደግሞ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ" አለችኝ። ክሩን አመስግኜ ተቀበልኩና የቀሚሴን ዘርፍ ሰፋሁበት። ጠንካራ ክር ነው፣ አይበጠስም። ለስድስት ወሩም አልሄድኩም። ሳያመኝ ሐኪም ቤት መሄድ በሽታውን በስሙ መጥራት ነበር የሚመስለኝ። ጤነኛ ሰው ምን አለኝ ብሎ ይሄዳል?

ታዲያ አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ከሕንፃችን በታች አግዳሚው ላይ ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን ጋርዒኒም እንፈለቅቃለን፣ የሱፍ ፍሬ፤ እዚህ ሰፈር ሰንበት ያለ እሱ አይመሽም። ቀጭ አለ። ቅርፊቱ መስሎኝ እጄ ላይ ተፋሁት። ጥርሴ ነው። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች የግራው፣ እኩሌታው። ሕመም የሚባል ነገር የለም፤ ለካ ከውስጥ ተበልቶ አልቆ ኖሯል።

በማግሥቱ ሚካልን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ዶክተር ኢሪና ትባላለች፣ ከሩሲያ የመጣች ናት። የእሷ ዕብራይስጥ በሩስኛ ያነክሳል፣ የእኔ በአማርኛ ያነክሳል፣ እና ሚካልን እንደ ምርኩዝ በመሀላችን አቆምናት። አፌን ከፍታ አየችና፣ "ይህ የተበላሸው ከጎን ነው፤ ክር ብታሳልፊበት ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር" አለች። ክሩ ያለው ቀሚሴ ላይ ነው።

"ይነቀላል?" አልኳት።

"ለምን ይነቀላል? ሥሩ ጤነኛ ነው። የሚድነውን አንነቅልም፣ እንጠግነዋለን።"

ይህን ስትል ደስ አለኝ። እኛ አገር ጥርስ ታመመ ማለት ጉጠት መጣ ማለት ነበር። ከዚያ፣ "እንዴት ላድርግልሽ?" ብላ ጠየቀች። እኔ በአማርኛ፣ "እንደ ነበረው ቆንጆ አድርጊልኝ በያት" አልኩ። ሚካል "ያፌ" አለቻት። ቆንጆ ማለት ነው። "እንደ ነበረው" የምትለዋ መንገድ ላይ ቀረች።

አደነዘዘችኝ፣ የተበላውን ጠርጋ አወጣች፣ እንደ ሊጥ የላላ ነጭ ነገር ቀባች፣ በሰማያዊ መብራት አደረቀችው፣ ደግማ ቀባች፣ ደግማ አደረቀች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ወገቧ አልተቃናም። ስትጨርስ ፊቷ በራ፣ "ማታና ሰጠሁሽ" አለችኝ፣ ስጦታ ማለቷ ነው፣ እና መስታወት አስያዘችኝ። አየሁ። ክፍተቷ የለችም። ሁለቱንም ጥርሶች በዚያ በነጩ አስፍታ አገጣጥማቸዋለች። ድፍን፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ጥርስ።

"ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ ነው ያደረግኩልሽ" አለች፣ "አሁን እንደ ልጃገረድ ትስቂያለሽ።"

በደግነቷ ነው፣ አትፍረዱባት። ምን ይባላል? "ቶዳ" ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ሚካል መንገዱን ሁሉ፣ "እማ፣ እንዴት አማረብሽ፣ ተዋናይ መሰልሽ" ትለኛለች፤ እኔ ምላሴን እሰድዳለሁ፣ በሩን ይፈልጋል፣ ግድግዳ ያገኛል። ማታም ይፈልጋል፣ ጠዋትም ይፈልጋል። ታገሺ አልኩ ለራሴ፣ ጥርስ ነው፣ ሰው አልሞተብሽም።

ሐሙስ ደረሰ፣ ደወልኩ።

"እምዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሰላም ነሽ ወይ?"

"ማን ልበል?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ እንጂ፣ ልጅሽ።"

"ልጄ እንዲህ አትናገርም።"

"ምን ማለትሽ ነው፣ እምዬ?"

"እስቲ ሰንበት በይ።"

"ሰንበት" አልኩ። ፉጨት የሌለው፣ ልስልስ ያለ ሰንበት ወጣ።

"የኔ ልጅ ታፏጫለች" አለች። "አንቺ ሌላ ነሽ። ልጄ ምን ሆናብኝ ነው ሌላ ሰው ስልኩ ላይ ያስቀመጡልኝ? መርዶ እየሸሸጋችሁኝ ነው? ሞታ ከሆነ ንገሩኝ፣ ለቅሶ ልቀመጥላት።"

ታውቁ የለ፣ እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፣ በሩቅ ያለ ሰው ሲሞት ዓመትም ይሁን እንሸሽጋለን። እሷም ብዙ ጊዜ ለሌላው ሸሽጋለች፣ ታውቀዋለች። "እምዬ፣ ጥርሴን ሐኪም..." ስላት አትሰማም፣ ታለቅሳለች፣ ከኋላዋ የተሰለፉት ሲያጽናኗት እሰማለሁ፣ "እግዜር ያጽናዎ" ሲሏት እሰማለሁ፣ እና ካርዱ አለቀ። በሕይወት ቆሜ ለራሴ ሲለቀስ ሰማሁ።

ያን ቀን ሚካልን፣ "ክፍተት በዕብራይስጥ ምን ይባላል?" አልኳት። "ሬቫሕ" አለችኝ። ሲነጋ እሷ ትምህርት ቤት ሄደች፣ እኔ ሬቫሕ፣ ሬቫሕ እያልኩ፣ እንዳይጠፋብኝ፣ ብቻዬን ክሊኒኩ ሄድኩ። ለካ ሬቫሕ ትርፍ ማለትም ኖሯል፣ የነጋዴ ትርፍ። እኔ ይህን በምን አውቄ?

"ምን ነበር?" አለችኝ ጸሐፊዋ።

"ሬቫሔን ፈልጌ ነው። ዶክተሯ ወስዳብኛለች፣ ትመልስልኝ።"

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "እመቤት፣ ይህ ክሊኒክ ነው፤ ባንኩ ከመንገዱ ማዶ ነው።"

"ባንክ ምን ያደርግልኛል? የኔ ሬቫሕ እዚህ ነው የቀረው።"

"ስንት ነው?"

"ትንሽ ናት" አልኳት፣ "የስንዴ ፍሬ ታህላለች።"

ወረፋ የያዘው ሰው በሳቅ ወደቀ። ሳቁን ሰምታ ዶክተር ኢሪና ብቅ አለች። እኔ ያለችኝ ዕብራይስጥ ሁሉ ጠፋችብኝ። አፌን ከፍቼ በጣቴ አሳየኋትና፣ "እናቴ፣ እዚህ" አልኳት። "እናቴ እዚህ ነበረች።"

እሷ አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። "ሰው ሁሉ ዝጊልኝ እያለ ነው የሚመጣው" አለች፣ "ክፈቺልኝ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ግን ልኩን በምን አውቀዋለሁ? ፎቶ አለሽ?"

"ፎቶ የለኝም። ጆሮዬ ያውቀዋል" አልኳት።

ታዲያ እንዴት እንደ ሠራነው ስሙ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ቀጭን ነገር በመሀሉ አስገብታ ጥቂት ትፈትጋለች፣ ታወጣዋለች፣ እኔ "ሰንበት" እላለሁ። ገና ነው። ትፈትጋለች፣ "ሰንበት"። ገና። እንዲህ ስንል ስንል፣ አንድ ጊዜ "ሰንበት" ብል ፊው አለ። ሁለታችንም ሰማነው። እጇን አነሳች። "በቃ?" አለች። "በቃ" አልኳት። ከዚያ ጠርዙን አለሳለሰችና፣ "ስሚኝ፣ ሌላው ጥገና እንዲቆይልሽ ክሩን ታሳልፊያለሽ፣ በየስድስት ወሩም ትመጫለሽ" አለችኝ። እሺ አልኳት፣ እና ቃሌን ጠበቅኩ፤ ይኸው እስካሁን ሳያመኝ እሄዳለሁ።

በሐሙሱ እሷ ስልክ ቤት አትመጣ ይሆናል ብዬ ስፈራ ነበር። መጥታለች። "እምዬ፣ ሰላም ነሽ?" አልኳት። ሌላ አላስፈለገም። "ፍንጭቷ" አለችኝ፣ እና ካርዱ እስኪያልቅብን ድረስ ሁለታችንም ስንተነፍስ ብቻ ቆየን። ለትንፋሽ ካርድ ጨረስን።

በዓመቱ ወረቀቷ አለቀና መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ቆሜ ያን ሳቋን እየጠበቅኩ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩትን። አየችኝ፣ ሳቀች። አንድ ጥርስ የለም። ላይም የለም፣ ታችም የለም።

"እምዬ፣ ጥርስሽ?"

"ስጠብቅ ረገፈ" አለችኝ።

በስልክ ቃሏ ሲኮላተፍብኝ መስመሩ ነው እል ነበር። እኔ የእሷን አላወቅኩም፣ እሷ የእኔን ከጎንደር ሆና አወቀች።

ወደ ዶክተር ኢሪና ወሰድኳት፣ የሚገባና የሚወጣ ጥርስ እንዲሠራላት። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነስታ ሳመቻት፣ "የሬቫሕዋ እናት" አለቻት፣ እና ወደ እኔ ዞራ፣ "አሁንስ ተምሬያለሁ፣ ከነክፍተቱ ነው የማሠራው" አለችኝ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"በፍንጭት ላሠራልሽ ነው የምትል።"

"እምቢ በያት። ስድሳ ዓመት ሥጋ ሲሰነቀርበት ኖሬ፣ አሁን እንኳ ልረፍ። ድፍን ታድርግልኝ።"

"እምዬ..."

"የሚያኝከው የማን አፍ ነው?"

ዶክተር ኢሪና እኔን ታያለች፣ ምን አለች ትለኛለች በዓይኗ። ምን ላድርግ? መተርጎም ማለት የሰውን ቃል መንገድ ላይ አለመጣል ነው፣ እሱን ከሚካል ተምሬዋለሁ። "ድፍን ይሁንልኝ ነው የምትል" አልኳት።

ድፍን ሆነ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ። ሥጋውን ታኝካለች፣ ሐኪሟን ትመርቃለች፣ ደስ ብሏት ትስቃለች። እኔ አያታለሁ። ድምጿ የእሷ ነው፣ ዓይኗ የእሷ ነው፣ ሳቁ ግን የሌላ ሰው ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እናቴ ናፈቀችኝ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ምን አልሽ አንቺ ልጅ? ለእሷ ነግሬያት እንደሁ?

ነገርኳት እንጂ። ብዙ ጊዜ ታግሼ አንድ ቀን፣ "እምዬ፣ ያ ሳቅሽ ናፈቀኝ" አልኳት። ያደረገችውን ጥርስ በምላሷ ገፋ ገፋ እያደረገች ቆየች።

"እኔንስ የማይናፍቀኝ መሰለሽ?" አለችኝ። "አንቺ ሳቂልኝ፣ እኔ ልይ።"

ታዲያ ምን አደርጋለሁ፣ ሳቅኩላት።