ስለተለበለቡት ሳንቃዎችና ስለተቃጠለው ዕቃ ቤት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኦኩሙራ ሱሚኤ
ዕድሜ፦ 64
አድራሻ፦ ኢሶታኒ መንደር፣ የወደቡ ዳገት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኦክቶበር 9 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ኢናጋኪ ታኩሮ፣ የመንደሩ ፖሊስ ኬላ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ትናንት ምሽት በግቢዬ ስለደረሰው ቃጠሎ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የተቃጠለው የእኔ ዕቃ ቤት ነው። ማንንም አልከሰስኩም። ሆኖም አናጢው ሐማኦካ ሪዮኪቺ በቃጠሎው ተጠርጥረው ከትናንት ማታ ጀምሮ ታስረዋል። ሰውየው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከተከሰሱ ሁለተኛ እሳት እንዲያነዱ አይፈቀድላቸውም፤ ሳንቃ መለብለብ ደግሞ እንጀራቸው ነው። በዚህ ተናድጃለሁ። ተናድጃለሁ ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ጋሽ ሪዮኪቺን የጠራኋቸው የቤቴን ግድግዳ በባሕሩ በኩል በተለበለበ የጥድ ሳንቃ እንዲያለብሱልኝ ነው። ልጄ ቺሃያ ከኦሳካ ደውላ "እማ፣ ሳሎኑም ውስጥ ጥቁር ይሁን፣ አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያሠራው" አለችኝ። ጋሽ ሪዮኪቺ ግን "የውጭው ከሰሉ እንዳለ ይቀመጣል። የሳሎኑን በብሩሽ ጠርጌ ዘይት ካልቀባሁት እንግዳሽ ሁሉ ጀርባው ጠቁሮ ነው የሚወጣው" አሉኝ። ተስማማን።

ኮንስታብሉ "እንዳይቃጠል ብለው ያቃጥሉታል?" ሲል ደጋግሞ ጠይቆኛል። አዎ። ላዩ ከከሰለ እሳት ቶሎ አይይዘውም፣ ዝናብም ነፍሳትም አይደፍሩትም። የአባቴ ቤት እንደዚያ ነው የተሠራው። የዚህ ኬላ ግድግዳ ራሱ እንደዚያ ነው፤ ወጣ ብሎ ማየት ነው።

ትናንት ጠዋት ጋሽ ሪዮኪቺ ገና ሥራ ሳይጀምሩ፣ እንደ ልማዳችን ለየጎረቤቱ የእጅ መንሻ ፎጣ ይዘው እየዞሩ ስለሚመጣው ጭስ ይቅርታ ጠየቁ። ለእሳት አደጋም ነገሩ። ከዚያ ሦስት ሦስት ሳንቃ እንደ ጭስ ማውጫ አቁመው እያሰሩ ከሥር ለኮሱ። ነበልባሉ በውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ሲለበልበው እየፈቱ ውሃ ደፉበት። ከቀትር በኋላ ሁሉንም አራርቀው አጥሩ ላይ አስደገፉና "ስንጥቁ ውስጥ ውሃው ያላገኘው ፍም ሊኖር ይችላል። እስከ ነገ እንዳይደራረብ፣ ሱሚኤ፣ አደራ" ብለውኝ ዘይት ሊገዙ ወደ ወደብ ወረዱ።

ዛሬ የመቅደሱ የበዓል ሰልፍ በደጄ ያልፋል። ስለዚህ ትናንት አሥር ሰዓት ገደማ ሳንቃው ለዓይን ያስቀይማል ተብሎ ከአጥሩ ተነሣ፤ ዕቃ ቤቱ ጥግ ተደራርቦ ሰማያዊ ሸራ ለበሰ። አይደራረብም ብዬ ጮኼያለሁ። "ውሃ ተደፍቶበታል እኮ፣ እማማ፣ እርስዎ ይረፉ" ተባልኩ።

ምሽት ላይ ከሸራው ሥር ጭስ አየሁ። ባልዲ ይዤ ስደርስ ዕቃ ቤቱ ተያይዟል። ጋሽ ሪዮኪቺ ከወደብ እየሮጡ መጥተው ሳንቃውን በባዶ እጃቸው ሲጎትቱ መዳፋቸው ተላጠ። እሳቱ ሲጠፋ መንገድ ላይ ተንበርክከው ለመንደሩ ሰው "ይቅርታ፣ የእኔ ጥፋት ነው" አሉ። በዚህች ቃል ነው እንግዲህ የታሰሩት። ወይ ጉድ! ጎረቤት በሥራው የተረበሸበት ሰው ምን ይበል? እንኳን ደስ አላችሁ ይበል? ይቅርታ ማለት ወንጀል ማመን ከሆነ ኢሶታኒ በሙሉ ይታሰር። እኔም ዛሬ የኬላውን በር ስከፍት ይቅርታ ብያለሁ።

ስለ ሳንቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠየቅኩ፤ ማን እንደደራረበው ግን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ትናንት በብስክሌት መጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሳንቃውን እንደ መጽሐፍ አስተካክሎ የደረደረውና ሸራውን ያለበሰው ይህን ቃል እየጻፈ ያለው ኮንስታብል ኢናጋኪ ነው። ሊያግዘኝ ብሎ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ኮንስታብሉ እዚህ ላይ መጻፉን አቁሞ "እማማ፣ ይሄ የግድ መግባት አለበት?" ብሎኛል። "ጥያቄህንም ጻፈው፤ ያለዚያ በፊርማ ፈንታ ማህተሜን አላሳርፍም፣ እዚሁ ነው የማድረው" ብዬዋለሁ።

ከላይ የሰፈረው በሙሉ እውነት ነው። ጮክ ብሎ አንብቦልኛል፤ ወደ መጨረሻው ድምፁን ስለቀነሰ ደግሞ እንዲያነበው አድርጌ ማህተሜን አሳርፌያለሁ።

የምስክር ማህተም፦ ኦኩሙራ

ቃሉን በምስክሯ አነጋገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳንቃውን የደራረብኩትም እኔ ነኝ።
ፊርማ፦ ኮንስታብል ኢናጋኪ ታኩሮ