ከቤቱ ጋር የተረከብኳቸው አክስት

ሌላው ሰው ቤት ሲገዛ በርና ቁልፍ ነው የሚረከበው፤ እኔ አክስት ተረከብኩ። በደርግ ጊዜ ነው፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ። እቃዬን አስገብቼ ወደ ጓሮ ስዞር፣ ሰርቪስ ክፍሏ ውስጥ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴትዮ ቁጭ ብለዋል! ሻጩ ተከራይ እንዳለው ትንፍሽ አላለኝም። ያኔ ማከራየት ክልክል ስለነበር ውል ብሎ ነገር የላቸውም፤ ሰውዬው ቀበሌ ያስመዘገባቸው «አክስቴ ናቸው» ብሎ ነው። ተናደድኩና «እስከ ቅዳሜ ይልቀቁልኝ» አልኳቸው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር መዝገቡን ታቅፎ ከተፍ አለ። «ሰውዬው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ አክስቱን ጥሎ ነው? ወይስ ተከራይ ነዎት?» አላቸው። «ተከራይ ነኝ» ቢሉ ክፍሏ ትወረስና በቀበሌ ኪራይ ለእሳቸው ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያስወጣቸውም። እኔ ደግሞ ሰርቪሴን ተሰናበትኩ ማለት ነው። እሳቸው ግን ለሊቀመንበሩ ሳይመልሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! ቆጮው ቀርቦ እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቅህ? እጅህን አትታጠብም?» ሳላውቀው «እሺ፣ እትዬ» ብዬ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ሳቁ መጣና «ለካ የእሱም አክስት ነዎት» ብሎ መዝገቡን ከደነ።

እፎይ! ሊቀመንበሩ ከወጣ በኋላ «እትዬ፣ የቅዳሜውን ነገር ይርሱልኝ» ስላቸው፣ «የምን ቅዳሜ?» አሉና እጄን ትኩር ብለው አዩት። «ይሄ ታጠበ ይባላል? በሳሙና!» ብለው መልሰው ወደ ቧንቧው ሰደዱኝ።